ማደሪያ፦ 0 ብር

ባለፈው ሳምንት ከሦስት የተለያዩ ሰዎች አንድ ዓይነት መልእክት በስልኬ ደረሰኝ። «ሐይቅን በትንሽ ወጪ፦ አራት ሰው፣ ሦስት ቀን» የሚል ርእስ የተሰጠው የሒሳብ ሰንጠረዥ ሲሆን፣ አዘጋጁ አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት የሚያገለግለው የእህቴ ልጅ ነው። ከደሴ መናኸሪያ እስከ ሐይቅ የሚኒባሱ ታሪፍ ተጽፏል፤ ከከተማው እስከ ውኃው ዳር የባጃጁ ተጽፏል፤ የጀልባው ተጽፏል፤ «የልብስ ሳሙና፣ አንድ» እንኳ ሳይዘለል ተመዝግቧል። ከዚያ ዝቅ ብሎ «ማደሪያ፦ 0 ብር፤ ቁርስ፦ 0 ብር፤ ራት፦ 0 ብር፤ ቡና እስከ በረካ፦ 0 ብር» ይላል። መልእክቱን የላኩልኝ ሰዎች በመገረም «እውነት እንዲህ ያለ ርካሽ ጉዞ አለ?» ሲሉ ጠይቀውኛል። አለ። ዜሮው እኔ ነኝ።

በቁጠባ ላይ ቅሬታ እንደሌለኝ አስቀድሜ መናገር እፈልጋለሁ። እንዲያውም ከተማችን ቁጠባን ከስሟ የጀመረች ናት። አባቶቻችን ውኃውን አይተው «ሐይቅ» አሉት፤ ከአጠገቡ ለበቀለው ከተማ ሌላ ስም ማውጣት ብክነት ስለመሰላቸው ያንኑ ስም ደገሙት። ጣና ዳር የሰፈሩት ወንድሞቻችን ግን እንደኛው ሐይቅ ዳር ተቀምጠው ሳለ ከተማቸውን «ባሕር ዳር» አሏት፤ ይኸው ስሙን የሰማ ሙሽራ ሁሉ የጫጉላ ሻንጣውን ይዞ ወደዚያ ይጎርፋል። እኛ ሐይቁን ሐይቅ ብለን እውነቱን በመናገራችን የተረፈን፣ ወደ ወልድያ በሚያልፍ አውቶቡስ መስኮት በኩል «ያ የሚያብረቀርቀው ምንድን ነው?» መባል ነው። ይህ ቂም የቆየ ነው፤ አልደብቀውም። ትውፊቱን ለሚያውቅ ሰው ደግሞ ይብሳል፤ የጣናውን ዳጋ እስጢፋኖስን የመሠረቱት አቡነ ኂሩተ አምላክ እኮ እዚሁ በሐይቅ እስጢፋኖስ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዝሙር ነበሩ ይባላል። ጨዋማውን ባሕር ያማረው ወሎዬ ድሮ ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አድርጎ አሰብ ይወርድ ነበር፤ ያ በር ከተዘጋ ወዲህ ግን ያለን ባሕር ይኸው 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው ውኃችን ብቻ ነው፤ ጥልቀቱ ግን እስከ 88 ሜትር ይደርሳልና ማንም እንዳይንቀው።

ወደ ሰንጠረዡ ልመለስ። ነገሩን ለባለቤቴ ባሳየኋት ጊዜ «ተወው፤ አትደውልለት፤ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» አለችኝ። ይህን ምሳሌ ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ሁሉ እጁን ወደ ውኃ የሚሰደው ዓሣ ለማግኘት ስለሆነ፣ ዘንዶው የሚነግረን ስለ ነገር ፈላጊው ክፋት ሳይሆን ስለ ውኃው ጥቁረት ይመስለኛል። ስለዚህ እኔ የምሳሌው ጥፋተኛ አይደለሁም ብዬ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ራስዎ ነዎት የጋበዙን» አለኝ።

እውነት ነው፤ ጋብዣቸዋለሁ። በመስቀል ሰሞን በስልክ «ስትመጡ እኛ ዘንድ ማረፍ ትችላላችሁ» ብያለሁ። ከዚህ ከኛ ከተማ ወደ ሰሜን ብዙም ሳይርቅ፣ አምባሰል ውስጥ፣ ውጫሌ የምትባል ስፍራ አለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከኢጣሊያ ጋር ውል የተዋዋሉት እዚያ ነው፤ የውሉ አንቀጽ 17 በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሥ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ በኩል መላላክ ይችላሉ ሲል፣ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተገኘና ጠቡ እስከ ዐድዋ ድረስ ዘለቀ። እኔም «ትችላላችሁ» አልኩ፤ የእህቴ ልጅ በራሱ ቋንቋ «ታሳድሩናላችሁ» ብሎ አነበበው። ውጫሌን ከቤቱ ደጃፍ የሚያውቅ ሰው ሆኜ ለእንግዳ «ትችላላችሁ» ማለቴ የኔው ስንፍና ነው። እሱ ይባስ ብሎ ውጫሌን በሰንጠረዡ ላይ «በነፃ የሚታይ ታሪካዊ ስፍራ» በሚለው ረድፍ ውስጥ አስገብቷታል።

ዓሣውስ? «ዓሣ በቀጥታ ከአጥማጆች ሲገዛ በእጅጉ ይረክሳል» የሚል ምክር ሰጥቷል፤ እርግጥ ይረክሳል። ዓሣውን ያጸዳችው፣ ሽንኩርቱን የከተፈችው፣ በዚህ ዘመን በጠብታ የሚለካውን ዘይት ያፈሰሰችው ባለቤቴ መሆኗን ግን የሚገልጽ ረድፍ የለም። ቆሮሶው ራሱ ለዚህ ሐይቅ እንግዳ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ በሰው እጅ ተጨምሮ ነው የተራባው። ይሁንና እሱ ቢያንስ ይበላል እንጂ በልቶን አይሄድም።

ወደ ገዳሙ የሄድንበት ቀን ግን ከሁሉ ይበልጥ ከነከነኝ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ቀድሞ ደሴት የነበረ፣ ዛሬ ከየብስ ጋር የተያያዘ፣ በ13ኛው መቶ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን የትምህርት ማእከል የሆነ ገዳም ነው፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ሳይቀሩ እዚያ እንደተማሩ ገድላቸው ይናገራል፤ አበምኔቱም ዐቃቤ ሰዓት እየተባሉ በቤተ መንግሥት ትልቅ ስፍራ የነበራቸው ሰው ነበሩ። ሴቶች አይገቡም። በዚህ ምክንያት የእህቴ ልጅ ሚስትና ሴት ልጁ ከባለቤቴ ጋር ቤት ቀሩ፤ ቀኑን ሙሉ ቡና ተፈላ፤ ቆሎ ተቆላ፤ ፈንዲሻ ፈነዳ። ሰንጠረዡን ገልጬ ባይ ምን ተጽፎ አገኘሁ? «ሴቶች ወደ ገዳሙ ስለማይገቡ፦ የሁለት ሰው ቁጠባ።»

በዚሁ ገዳም እ.ኤ.አ. ከ1280 ወይም ከ1281 የሆነ፣ ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ስም ጋር የተያያዘ፣ ሥዕላቸውም ያለበት የብራና አራቱ ወንጌል አለ። የሀገራችን ገዳማት በወንጌላቸው ባዶ ገጽና በኅዳጉ ላይ ማን መሬት እንደሰጠ፣ ማን ንዋየ ቅድሳት እንዳበረከተ ሲመዘግቡ ኖረዋል፤ ሰጪው እንዳይረሳ፣ ተቀባዩም እንዳይክድ። ብራና ማዘጋጀት ስንት ድካም እንዳለው እየታወቀ፣ ፍየሉ ታርዶ፣ ቆዳው ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ ቀለሙ ተበጥብጦ፣ ለሰጪው ስም ስፍራ አልታጣም። በስልክ ሰንጠረዥ ላይ አንድ ረድፍ ለመጨመር ግን አንዲት ጣት ማንቀሳቀስ ብቻ ይበቃ ነበር። ከዚያም አልፎ በዚያ ዘመን ገዳም ገብቶ የሚያድር ተማሪ ውኃ ይቀዳል፤ እንጨት ይለቅማል፤ መምህሩን ያገለግላል። የእህቴ ልጅ በሦስት ቀን ውስጥ የቀዳው ውኃ ቢኖር በስልኩ የቀዳው የሐይቁ ቪዲዮ ነው።

ይህን ስል ዘር መቁጠር አይሁንብኝ እንጂ ነገሩ ከአባቱም አለ። አባቱ፣ አማቼ ማለት ነው፣ የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት እኛ ዘንድ ሰንብቶ ሲመለስ «ጣርማ በር ላይ ብርድ አለ» ብሎ ጋቢዬን ተውሶ ወጣ። ጣርማ በር ላይ ብርድ መኖሩን አልክድም፤ ዋሻው አፍ ላይ ጉሙ ሲወርድ የሾፌሩ ጥርስ እንኳ ይንቀጫቀጫል። ነገር ግን ጣርማ በርን አልፎ ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ብርሃንንም አልፎ አዲስ አበባ ሲገባ ጋቢው ለምን አብሮት እንደቀረ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ባለቤቴ በገዛ እጇ የፈተለችው፣ ጥለቱ ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ ያልታየ ጋቢ ነበር። ባለፈው ዓመት በቤተሰብ ሠርግ ላይ ለብሶት አይቼዋለሁ። «የት ገዛኸው?» ብዬ ጠየቅኩት። «ድሮ ነው፤ በርካሽ ነው ያገኘሁት» አለኝ።

እና፣ ምን ላይ ነበርኩ? ሰንጠረዡ። የእህቴ ልጅ በስልኩ ላይ ጥቂት ካመነታ በኋላ «ጋሼ፣ ዘመድ እኮ በገንዘብ አይተመንም» ብሎኝ፣ እኔም መልስ አጥቼ «አብሽር» ብዬ ዘጋሁት። ወሎዬ መሆን አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ተበድለህ ደውለህ አጽናንተህ ትዘጋለህ። በማግስቱ የመሥሪያ ቤቱ ባልደረቦች የሆኑ አምስት ሰዎች ሰንጠረዡን ተከትለው የፊታችን ቅዳሜ እንደሚመጡ፣ ሰኞም የባቲን ገበያ ማየት እንደሚሹ አስታወቀኝ። በአዲሱ ቅጂ ላይ ከማደሪያው ረድፍ ጎን የስልክ ቁጥሬ ተጨምሯል።

ባለቤቴ አንሶላ ማጠብ ጀምራለች። ሳሙና ሲጠፋ ልጄን ከጎረቤታችን ከእትዬ ሱቅ እንድትገዛ ላክናት፤ ባዶ እጇን ተመለሰች። እትዬ «መጀመሪያ እንግዶቹ የመጡ ጊዜ በዱቤ የወሰዳችሁትን የልብስ ሳሙና ክፈሉ» ብለዋታል። አንድ ነው፤ ያ በሰንጠረዡ ላይ የተመዘገበው።