ውሃ ስብሰባ አይጠብቅም

አዲስ የእግር መንገድ በተራራው ላይ ልንከፍት ነው ሲባል በጎ ፈቃደኛው ይጎርፋል። ጓንት ይታደላል፣ አካፋ ትከሻ ላይ ጣል ተደርጎ ፎቶ ይነሣል። ያው መንገድ ዝናብ በልቶታልና እንጠግነው ሲባል ግን የአንዱ ወገብ ይያዛል፣ የሌላው አክስት ትሞታለች። (ስንት አክስት እንዳለን የሚታወቀው በጥገና ቀን ነው።)

አይፈረድም። አዲስ መንገድ ሪባን ይቆረጥለታል፤ ቦይ መጥረግ ምን አለው? ጭቃ!

ግን መንገዱን የሚጨርሰው ውሃ ነው። ውሃ አንዴ መንገዱን ካገኘ መልቀቅ አይወድም፤ በሰው እግር የተጠቀጠቀውን አፈር እየቦረቦረ ቁልቁል ይዞት ይሄዳል፣ ትንሽ ቆይቶ መንገዱ ራሱ ቦይ ሆኖ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ሥራውን የሚያውቁት መንገዱን ወደ ቁልቁለቱ ወገን በጥቂቱ ያዘነብሉታል፣ አምስት ከመቶ ገደማ፣ የሚራመደው ሰው ልብ እንኳ የማይለው። ውሃው መንገዱን አቋርጦ ይለፍ ነው ነገሩ።

ቀላል ይመስላል አይደል? እስቲ በጎ ፈቃደኞች ስለዚህች ዝንባሌ ሲከራከሩ ተመልከቱ። ሁሉም ኢንጂነር ነው። አንዱ ስልኩን መሬት ላይ አጋድሞ ይለካል። አንዷ ከኮዳዋ ውሃ አፍስሳ ወዴት እንደሚሄድ ታያለች፤ እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የሚያዋጣው የእሷ ነው፣ ግን ማን ይሰማታል። አስተባባሪው «ጉዳዩን በሁለት ከፍለን ብናየው» ይላል። ይህ ሁሉ ሲሆን የሚቆፍር አንድ ዝምተኛ ሰውዬ አለ። የትም ብትሄዱ አይጠፋም። ስሙን የሚያውቅ የለም፤ ፎቶው ላይም አታገኙትም፣ ሌላው ሲደረደር እሱ ድንጋይ እየፈነቀለ ነበራ።

መሣሪያውም የራሱ ጉድ አለው። ፑላስኪ የሚሉት አለ፣ ባንድ ወገን መጥረቢያ፣ በሌላው ዶማ። ስሙ የመጣው ከአሜሪካዊው የደን ጠባቂ ከኤድ ፑላስኪ ነው፤ በ1910 እ.ኤ.አ. በተነሣው ታላቅ የደን ቃጠሎ ሠራተኞቹን የማዕድን ዋሻ ውስጥ አስገብቶ አብዛኞቹን ያተረፈ ሰው። የዚህን ጀግና ስም የተሸከመ መሣሪያ ሲሰጠን እኛ ተደግፈነው እናወራለን።

ደግሞ ጥገና ያልቃል ብሎ የሚጠብቅ ሰው አለ። በአሜሪካ 14 ግዛቶችን የሚያቋርጠውን፣ 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን የአፓላቺያን የእግር መንገድ ውሰዱ። ቤንተን ማካይ ሐሳቡን ያቀረበው በ1921 እ.ኤ.አ. ነው፤ መንገዱ ዳር እስከ ዳር የተገናኘው በ1937። መክፈቱ 16 ዓመት ፈጀ። ጥገናው ግን ይኸው እስከ ዛሬ አለ፣ የሚበዛውን የሚሠሩትም በየክለቡ ተደራጅተው የየድርሻቸውን የሚይዙ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አክስቶቻቸው ጤነኞች መሆን አለባቸው።

ከውሃ ቀጥሎ ያለው ጠላት አቋራጭ ወዳዱ ነው። መንገዱ እየተጠማዘዘ የሚወጣው የቀየሰው ሰው ሞቅ ብሎት አይደለም፤ ሽቅብ ቀጥ ያለ መንገድ ለጎርፍ የተሰጠ ግብዣ ስለሆነ ነው። አቋራጭ ወዳዱ ይህ አይገባውም። ሁለት ደቂቃ ለማትረፍ በጠመዝማዛዎቹ መሃል ሣሩን ደፍጥጦ ይወርዳል፣ ሌላው ዱካውን አይቶ ይከተለዋል፣ ዝናቡም ይከተላቸዋል። ከዚያ ጉድጓድ ነው። ያተረፋትን ሁለት ደቂቃ ደግሞ ታች ቆሞ ጓደኞቹን ሲጠብቅ ያቃጥላታል።

መፍትሔው የወደቀ ግንድና ቅርንጫፍ ጎትቶ አቋራጩን መዝጋት ነው። ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው፣ ያውም መዘጋቱ እንዳያስታውቅ፣ ዛፉ ራሱ የወደቀ እንዲመስል አድርጎ። ዝምተኛው ሰውዬ ግማሽ ቀን ለፍቶ ይዘጋዋል። ላቡን ሳይጠርግ አንዱ ከላይ ይመጣል፣ ግንዱን ባንድ እግሩ ይሻገርና ዞር ብሎ ይቆጣል፦

«ኧረ ይሄን መንገድ የሚያጸዳ ሰው ጠፋ እንዴ?»