ርዕሰ መምህር ከትምህርት ቤቱ ሳይለቅ በኦንላይን ዶክትሬት ቢማር ያዋጣል?

በአዲስ አበባ ዳርቻ ያለ አንድ ርዕሰ መምህር ሥራውን እየሠራ በትምህርት አመራር የኦንላይን ዶክትሬት ቢጀምር ትምህርት ቤቱ ምን ያተርፋል? ያዋጣል የሚሉት ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የአንድ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ናቸው። አያዋጣም የሚሉት ደግሞ አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ሱፐርቫይዘር ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሁለቱ በሥራ ይተዋወቃሉ። የጻፉትን ተራ በተራ አቅርበነዋል።

ርዕሰ መምህርቷ

ጋሼ፣ ከመንገዱ ልጀምር። እኛ ሰፈር እየኖሩ ማታ ስድስት ኪሎ መማር ምን እንደሚመስል እርስዎ ያውቁታል። የከሰዓት ፈረቃ ልጆችን ሸኝቼ፣ ክፍሎቹን አስቆልፌ ስወጣ 11 ሰዓት አልፏል። ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ሳሪስ፣ ከሳሪስ መሀል ከተማ። የታክሲው ሰልፍ አለ፣ መጨናነቁ አለ። ስደርስ ክፍለ ጊዜው ተጋምሷል። ስመለስ ደግሞ ታክሲ የለም። ቤት ልጆች የሚጠብቋት ሴት ይህን ለዓመታት ልትዘልቀው አትችልም። ፈቃድ ወስዶ መማር አለ ይባላል። እሺ፣ ሄድኩ እንበል። ስመለስ ቦታዬ ላይ ሌላ ሰው አለ። ትምህርት ቤቱም የጀመርነውን ሁሉ ረስቶታል።

ኦንላይን የሚሻለው ለእኔ ስለተመቸ ብቻ አይደለም። የማጠናው ነገር ያለው እዚሁ ነው። መስከረም ላይ ተመዝግበው ጥር ላይ የማናገኛቸው ልጆች አሉን። ሮስተሩን ስንገልጠው ስማቸው አለ። የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት አለ። ከዚያ ወዲያ መስመሩ ባዶ ነው። የክፍል ኃላፊዋ ስትደውል ስልኩ አይሠራም። ጎረቤት ስትጠይቅ "ቤት ለቀቁ" ትባላለች። ኮንዶሚኒየም የተከራየ ቤተሰብ ኪራይ ሲጨመርበት ራቅ ወዳለ ሰፈር ይገባል። መሸኛ ሊወስድ የሚመጣ ግን የለም። ልጁ ትምህርት አቁሟል ወይስ ሌላ ቦታ ገብቷል? እኔ አላውቅም፣ ወረዳውም አያውቅም። ሪፖርቱ ላይ "ያቋረጠ" ብለን እናልፈዋለን።

ሥራ ላይ ላሉ ሰዎች የታሰበው የትምህርት ዶክትሬት፣ ኢድዲ የሚባለው፣ የሚፈልገው እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው የካርኔጊ የትምህርት ዶክትሬት ፕሮጀክት መመረቂያ ጽሑፉ ከሥራ ላይ ችግር ይነሳ ይላል። የእኔ ችግር ደግሞ ቢሮዬ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው።

ሱፐርቫይዘሩ

እህቴ፣ የልጆቹ ነገር እኔንም ያንገበግበኛል። አትማሪም አልልሽም። ጥያቄዬ ሰዓቱ ከየት ይመጣል ነው።

በሁለት ፈረቃ የሚሠራ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ከጠዋቱ 1፡30 በር ላይ ነው። ያልመጣ መምህር ካለ ክፍል ማስያዝ አለበት። የተማሪዎች ምገባ አለ፣ ውሃው ጠፍቷል፣ ከወረዳ ተደውሎ "ዛሬውኑ ሪፖርት ላክ" ተብሏል። የተጣላ ልጅ ወላጁን ይዞ መጥቷል። ማታ ቤት ሲገባ ደግሞ ላፕቶፕ መክፈት ነው። መብራት ሄደ እንበል። በስልክ ዳታ ተገናኝቶ ከሌላ አህጉር ሰው ጋር ሴሚናር ሊቀመጥ ነው። አንድ ነገር መጉደሉ አይቀርም። ስንቱን እንዳየሁ ልንገርሽ፤ የሚጎድለው ሁልጊዜ ክፍል ገብቶ ትምህርት መከታተል ነው። ሪፖርት ቢዘገይ ይደወላል። ክፍል ባይገባ የሚደውል የለም።

ሌላም አለ። በእኔ ክላስተር፣ ማለትም አብረው በተደራጁት ጎረቤት ትምህርት ቤቶች፣ ብዙ ጥናት ተሠርቷል። እንዴት እንደሚሠራ አይቻለሁ። አጥኚው በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ይገባል። መጠይቁን ያድላል። መምህሩ ሻዩን ይዞ ከላይ እስከ ታች "እስማማለሁ" ላይ ምልክት ያደርጋል። ጥያቄውን አላነበበውም፤ ደወል ሊደወል ነዋ። ያ ወረቀት ኮምፒውተር ውስጥ ይገባና ሰንጠረዥ ይሆናል። መጨረሻ ላይ "ሥልጠና ይሰጥ፣ በጀት ይመደብ፣ የወላጆች ተሳትፎ ይጠናከር" ይባላል። ተጠርዞ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ትምህርት ቤቱ ቅጂውን እንኳ አያገኝም። ለልጆቹ ጠብ ያለ ነገር የለም።

ርዕሰ መምህርቷ

ጋሼ፣ ይሄ የመጠይቁ ነገር ኦንላይን ትምህርትን የሚከስ ክርክር ነው ብዬ አላምንም። ያዩዋቸው ጥናቶች አብዛኞቹ ግቢ ውስጥ የተማሩ ሰዎች ሥራ ናቸው። ችግሩ የአጠናን ልማዳችን ነው። እንዲያውም በስሜ የማውቃቸውን መምህራን ማንነታቸው በማይታወቅ መጠይቅ ልጠይቅ ብል ያስቁኛል። እኔ ያለኝ የስም መጥሪያው፣ ሮስተሩ፣ የወላጆች ስልክ ነው። ሰፈር ወርጄ ልጠይቅ እችላለሁ። ከውጭ የሚመጣ አጥኚ ይህን አያገኝም።

ርቀቱም አዲስ ነገር አይደለም። አቃቂ የዩኒሳ፣ የደቡብ አፍሪካው የርቀት ዩኒቨርሲቲ፣ ማዕከል ከተከፈተ፣ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ፣ ስንት የዩኒቨርሲቲ መምህር በዚያ በኩል ሦስተኛ ዲግሪውን ይዟል። ዩኒሳ ራሱ በርቀት ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። እኛ አገርም ነሐሴ 2002 ላይ የርቀት ትምህርት በሙሉ ታግዶ እንደነበር ያስታውሳሉ። ጥራቱ አሳስቦ ነበር፤ ማሳሰቡም ልክ ነው። ግን እገዳው አልዘለቀም። ከዓመት ዓመት ሥራ ላይ ያለን ሰው ሁሉ ከትምህርት ማገድ መፍትሔ አይሆንም።

ደግሞ ስለ አመራር እናንሳ። የትምህርት አመራር ተመራማሪው ኬኔት ሌይትውድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ግምገማ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ካሉ ነገሮች የተማሪን ውጤት በመወሰን ከክፍል ማስተማር ቀጥሎ አመራርን ነው ያስቀመጡት። እኛ አገር በ2015 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ከተፈተኑት ልጆች 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2016 5.4 በመቶ ነው። እነዚህ ልጆች አንደኛ ክፍል የገቡት እንደኛ ዓይነት ትምህርት ቤት ነው። በዚህ ሰዓት ርዕሰ መምህሩ ያለው እውቀት ይበቃዋል ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም።

ሱፐርቫይዘሩ

የጠቀስሽው ጥናት ስለ አመራር እንጂ ስለ ዲግሪ አይደለም። ጎበዝ ርዕሰ መምህር ልዩነት ያመጣል፣ አምናለሁ። ዶክትሬት ጎበዝ ያደርጋል የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው። እሱን በዚህ ጥናት ማስረዳት አይቻልም።

ሃርቫርድን እይ። እ.ኤ.አ. በ2010 ለትምህርት አመራር ብቻ የሚሆን የሦስት ዓመት ዶክትሬት ከፈቱ። ሦስተኛው ዓመት ሥራ ላይ ነው፤ ይህ የአንቺን ሐሳብ ይደግፋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ግን ተማሪዎቹ አብረው ግቢ ውስጥ ነው የሚቀመጡት። የሁላችንንም ጓዳ ያየ ሰው አጠገብሽ ተቀምጦ "ይሄ ግምትሽ ስህተት ነው" ሲልሽ ነው አመራር የሚበስለው። ኦንላይን ላይ ያለሽ አማካሪ ጎበዝ ሊሆን ይችላል። ግን 70 ልጅ የታጨቀበት ክፍል ውስጥ ቆሞ አያውቅም። ጽሑፍሽ ጎን ላይ አስተያየቱን ይጽፍልሻል፣ አንቺ ታስተካክያለሽ። ከማን ጋር ተከራከርሽ?

ገንዘቡንም ዝም ብለን አንለፈው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ሳምንታት ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ክፍያው በውጭ ገንዘብ ከሆነ፣ ትምህርቱን ጀምሮ ያልጨረሰ ተማሪ ዕዳው በአንድ ክረምት ወደ እጥፍ ተጠጋበት ማለት ነው። ደመወዝ እንደዚያ አላደገም። ይህን የሚሸከመው ማነው? የአንቺ ቤት ነው። ልጆችሽ ናቸው።

ከሁሉ የሚያመኝ ግን መጨረሻው ነው። ዶክተር የሆነ ርዕሰ መምህር ቱሉ ዲምቱ አይቆይም። ዩኒቨርሲቲ ይወስደዋል፣ ወይ ቢሮ፣ ወይ ድርጅት። አልፈርድበትም፣ ኑሮ ነው። ትምህርት ቤቱ ግን የደከመ ርዕሰ መምህር ለዓመታት ታግሶ፣ ሲበስል ያጣዋል።

ርዕሰ መምህርቷ

የመጨረሻው ነጥብዎ ከባድ ነው። ሲሄዱ አይቻለሁ፣ እኔም አዝኛለሁ። ግን ለምን እንደሚሄዱ እንይ። መንግሥት ልኮ ያስተማረው ሰው ውል ይፈርማል፣ ያንን ያህል ዓመት ያገለግላል። በራሱ ገንዘብ፣ በራሱ ሌሊት የተማረ ሰው ግን ማን ምን አደረገለት? ውል የለውም፣ ማንም አልጠየቀውም። ትምህርቱን እንደ ምስጢር ነው የሚይዘው። ቢታወቅ "ሥራውን ትቶ ይማራል" ይሉታል። ሲጨርስ ቢሄድ ምን ይገርማል?

እኔ የምለው በግልጽ ይሁን ነው። ወረዳው በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን ይስጠኝ። ያን ግማሽ ቀን ምክትሌ በሙሉ ሥልጣን ትምራ፤ እሷም ትለመዳለች። በምላሹ ከተመረቅኩ በኋላ እዚሁ ለመቆየት እፈርማለሁ። ያገኘሁትን ደግሞ በየሴሚስተሩ ለክላስተሩ ርዕሳነ መምህራን አቀርባለሁ። ያኔ "ከማን ጋር ተከራከርሽ" ያሉኝ መልስ ያገኛል። የዚህን ሰፈር ጓዳ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። አማካሪዬ ዘዴውን ያስተካክልልኝ፤ እውነቱን እነሱ ይፈትሹት።

ብቸኝነቱ እውነት ነው። ግን ግቢ ሄዶ መማር ለማይችል ሰው ምርጫው ኦንላይንና ግቢ አይደለም። ኦንላይንና ምንም ነው። ይህ ደግሞ ከወንድ ይልቅ ሴትን፣ ከመሀል ከተማ ይልቅ ዳርቻውን ይጎዳል።

ሱፐርቫይዘሩ

ውል ካልሽ፣ ክላስተር ካልሽ፣ ተቃውሞዬ ግማሹ ይነሳል። እንግዲያው ሁለት ነገር ጨምሪበት። ገንዘብ ሳይከፈል ተቋሙ አገሩ ላይ እውቅና እንዳለውና ዲግሪው በኦንላይን ሲሆን አቻ ግምት እንደሚሰጠው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ይጠየቅ። ከክፍያ በኋላ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ነው፤ ያኔ ማልቀስ ብቻ ይቀራል። ሌላው፣ ውጤቱ ለወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ህብረት ስብሰባ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይነበብ። ስለ ልጆቻቸው የተጻፈውን በእንግሊዝኛ ቆልፈን ማስቀመጥ ነውር ነው።

በአንድ ነገር ግን አልለወጥም። ዲግሪው ለሹመት ነጥብ አይያዝ። ነጥብ ከተያዘለት የማያገባው ሁሉ ይመዘገባል፣ መጠይቁም ይመለሳል።

ርዕሰ መምህርቷ

ሁለቱንም እቀበላለሁ። ስለ ቋንቋው ያሉትን እንዲያውም እኔ ቀድሜ ማለት ነበረብኝ።

ነጥቡ ላይ ግን አንስማማም። ነጥብ ካልተያዘለት የሚማረው ትርፍ ገንዘብ ያለው ሰው ብቻ ነው። ለሹመት ዲግሪው አይቆጠር ከተባለ፣ ሥራው ይቆጠር። ሮስተሩ ላይ ባዶ የሆነው መስመር ከሦስት ዓመት በኋላ ምን ያህል እንደሞላ ኢንስፔክሽኑ መጥቶ ይይ። የጠፉት ልጆች የት እንደገቡ ካወቅን፣ መሸኛቸው ደርሶ ከተመዘገቡ፣ ነጥቡን በዚያ ይስጡኝ። ካልሆነ ይከልክሉኝ።