ለክቡር አቶ «በመፈለግ ላይ»

ለ፦ ክቡር የሙዚቃ ማጫወቻ ሳጥን
ከደረጃው ስር ያለው ቁም ሳጥን፣ ሁለተኛው መደርደሪያ
ደሴ

ጉዳዩ፦ ከሥራ መታገድዎን ስለማሳወቅ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎን አልጠይቅም። አረንጓዴ መብራትዎ ሌሊቱን ሙሉ ብልጭ ድርግም ሲል ስላደረ ደህና እንደሆኑ አውቃለሁ። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ።

ያለፈው እሑድ የእህቴን ልጅ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች መጡ። ቤቱን ያውቁታል። ወንድሜ ከውጭ ብር እየላከ፣ ጦሳን ፊት ለፊት የሚያይ አድርጎ ያሠራው ነው። እኔ ጠባቂው ነኝ፤ ዘመድ ፊት ሲሆን «ኃላፊ» እባላለሁ። በስድስት ክፍል ኮርኒስ ውስጥ ክብ ክብ ስፒከር ተቀብሯል፤ መታጠቢያ ቤቱም አልቀረለትም። የሁሉም ገመድ እርስዎ አጠገብ ካለው ድምፅ ማጉያ፣ ከአምፕሊፋየሩ፣ ይገባል። እርስዎ ደግሞ ሙዚቃውን ከኢንተርኔት እየቀዱ ለአምፕሊፋየሩ እንዲያቀብሉ በሰው ሻንጣ ተልከው መጡ። ወንድሜ በስልክ «አምስት ደቂቃ ነው» ብሎኝ ነበር። ይኸው ሦስተኛ ወርዎን ያዙ።

ሐሳቤ ትንሽ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ዝግ ያለ የክራር አምባሰል ከየክፍሉ እንዲንቆረቆር። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስሞክርዎት እንደ ጨዋ ሠርተዋል። ስምንት ሰዓት ላይ «በመፈለግ ላይ» ብለው ክቧን ነገር ያሽከረክሩ ጀመር። ከዚያ «መሣሪያ አልተገኘም»። እጄን አናትዎ ላይ ጭኜ እኮ ነው ያነበብኩት! ለካ ስልኬና እርስዎ አንድ ዋይፋይ ላይ ካልሆናችሁ አትተያዩም። ስልኬ የእንግዳ በሚባለው መስመር ገብቶ ኖሯል፤ እንግዳ ደግሞ የቤቱን ዕቃ እንዳያይ ተከልክሏል። እኔ፣ የቤቱ ኃላፊ፣ እንግዳ።

ይህን የደረስኩበት ሰኞ ነው። እሑድ ግን በሩ ሲንኳኳ ደንግጬ በብሉቱዝ አያያዝኩዎት። ብሉቱዝ ስሙን የወረሰው በ10ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረ የዴንማርክ ንጉሥ ነው። የዚያ ንጉሥ ግዛት በእኛ ቤት ከደረጃው እስከ ውጭው በር አይደርስም። ስልኬን በኪሴ ይዤ እንግዶቹን ልቀበል ስወጣ፣ ከኋላዬ ከስድስቱም ክፍል አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ «ዲስኮኔክትድ» አለች፤ ተቋርጧል ማለቷ ነው። ሽማግሌዎቹን አስከትዬ ስገባ «ኮኔክትድ» አለች። ሐጂ ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ማን ናት?»

«ቴሌቪዥን ነው ሐጂ፣ ይግቡ።»

ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ ፊት ለፊታቸው ተሰቅሏል።

አቦሉ በሰላም ጠጣን። ቶናም አለፈ። አምባሰሉን ትቼዋለሁ፤ ዝም ካለች ይበቃኛል ብዬ የስልኩን ድምፅ እስከ መጨረሻው ቀነስኩ። በረካው ላይ ሐጂ እጃቸውን ዘረጉ። ሁላችንም ዘረጋን።

«ልጆቹን አላህ ያፋቅራቸው።»

«አሚን።»

«ወልደው ይሳሙ።»

«አሚን።»

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ባትሪ የጨረሰው እዚህች ላይ ነው።

«ትዳራቸውን ያጽናላቸው።»

«ዲስኮኔክትድ» አለች ከላይ።

እማዬ ነገሩ ከላይ ስለመጣ ነው መሰለኝ «አሚን» አለች።

ደግማ አለችው። «ሬዲ ቱ ፔር» አለች፤ ለመጣመር ዝግጁ ነኝ ማለቷ ነው። የስልኩን ድምፅ መቀነሴን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም፤ እሷ የምትናገረው በራሷ ልክ ነው። ውዱእ ሊያደርጉ መታጠቢያ ቤት የገቡት የልጁ አጎት እጃቸው እስከ ክርን እንደራሰ ብቅ አሉ። «እዚህ ውስጥ ሰው አለ እንዴ?» አሉ። ወደ ቁም ሳጥኑ ተወረወርኩ። ክቡርነትዎ እንደሚያስታውሱት በሩ ላይ ረከቦት ተዘርግቷል። በረከቦቱ ላይ ዘለልኩ። ረከቦቱ ተረፈ፤ የእጣን ማጨሻው አልተረፈም። ፍሙ ቄጠማው ላይ ተበተነ፤ አንዱ ካልሲዬ ላይ ነው ያረፈው። እየነደድኩ ከዲቫይደሩ የመጀመሪያውን ገመድ ነቀልኩ። ከጓዳ ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ዋይፋይ ሄደ!» ብለው ጮኹ። ሁለተኛውን ስነቅል እመቤቲቱ «ሬዲ ቱ» ላይ ቆመች። ሙሽሪት ልትሆን የታጨችው ልጅ በሩ ኋላ ሆና የምትስቀው ሳቅ እስከ ሳሎን ይሰማል። ሐጂ እጃቸውን አላጠፉም ነበር።

«አብሽር» አሉኝ። «ጨረሰች?»

የቆየ ቂም አላነሳም ብዬ ነበር። ግን ደብዳቤው ከተጀመረ አይቀር፣ ገመዱን ላንሳ። ከጀርባዎ ያለው የድምፅ መውጫ የብርሃን ነው፤ ኦፕቲካል ይሉታል። ፒያሳ ሄጄ «ኦፕቲካል ገመድ አለ?» ብል ልጁ ወደ መነጽር ቤቱ ጠቆመኝ። መነጽር ቤቷ በአንገት የሚንጠለጠል የመነጽር ገመድ አወጣችልኝ፤ ጥቁርም ቡናማም አላት። ሌላ ነገር መሆኑን ሳስረዳት በሐዘኔታ «ዓይንህን ግን ተመርምረሃል?» አለችኝ። ይህ የብርሃን መስመር ቶሺባ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ዕድሜው እኔን ያክላል። በሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁል ተንከባልዬ ኮምቦልቻ አገኘሁት። ሰካሁት፤ ዝም። ሦስት ቀን ዝም። በአራተኛው ቀን ጫፉ ላይ ጥፍር የምታክል የፕላስቲክ ቆብ አየሁ። ብርሃኑን ቆብ አልብሼ «ለምን አትናገርም?» ስለው ነው የከረምኩት። ይህ ጥፋት የእኔ ነው፤ እቀበላለሁ።

አምፕሊፋየሩ ደግሞ ቀይና ነጭ ጃክ እንጂ የብርሃን ቀዳዳ የለውም። ስለዚህ በመሃል ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚለውጥ ትንሽ ሳጥን ተገዛ። ደላላ ማለት ነው። ደላላ ያለ ኮሚሽን አይሠራም፦ ለብቻው ሶኬት ይፈልጋል፤ ዘፈን ሲቆም ያንቀላፋል፤ ሲነቃም የሚቀጥለውን ዘፈን መጀመሪያ በልቶ ነው። የሴትዮዋን ንግግር ግን አንድ ፊደል አልበላም።

ምዝገባውስ? «አገርዎን ይምረጡ» አሉኝ። ዝርዝርዎ ከኤስቶኒያ ወደ ፊንላንድ ዘለለ። የደሴ ሰው ሆኜ የሄልሲንኪ ነዋሪ ሆንኩ። የፖስታ ቁጥር ሲሉኝ ከኢንተርኔት ቀድቼ 00100 ጻፍኩ፤ ሳያመነቱ አመኑኝ። እዚህ ተወልጄ ያደግኩበት ቀበሌ እኮ ነዋሪነቴን ለማመን «ሲስተም የለም» እያለ ሁለት ሳምንት አመላልሶኛል። ከዚያ ውልዎ መጣ። ውጫሌ ከእኛ ሩቅ አይደለም። በ1881 ዓ.ም. እዚያ የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 አማርኛውና ጣልያንኛው አልገጥም ብሎ ምን እንዳመጣ ያውቃሉ። የእርስዎ ውል አማርኛ ስለሌለው የሚጣላ ነገር አልነበረም። «ተስማምቻለሁ» የምትለዋን ተጫንኩ።

«አምባሰል» ብዬ በራሳችን ፊደል ስፈልግ «ውጤት የለም» አሉኝ። ተራራው እኮ እዚሁ ሰሜናችን ቆሟል፤ የትም አልሄደም።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ፍሪጁ ሥራውን ካቆመበት ይቀጥላል። እርስዎ ግን «እንኳን ደህና መጡ፣ ቋንቋ ይምረጡ» ይሉኛል። የትናንቱ ሰው ነኝ። እኔው ነኝ።

ይሄን ሁሉ ስቄ ላልፈው እችላለሁ። የማልስቅበት አንድ ነገር አለ።

እማዬ ራዲዮ ነበራት። አንቴናው ተሰብሮ በሽቦ የታሰረ፣ የባትሪ ክዳኑ በፕላስተር የተያዘ። ጠዋት ገና ዓይኗን ሳትገልጥ እጇን ዘርግታ ቁልፉን በአውራ ጣቷ ታዞረዋለች። ቀጭ ይላል። ይናገራል። በቃ፣ ይኸው ነው። ማንንም አትጠራም። አንተ ስትመጣ «ይሄ አሮጌ ቤቱን አያበላሽ» ተብሎ ዕቃ ቤት ተጣለ። እጄ አለበት። አሁን መንዙማ ሲያምራት እኔን ትጠራለች። እኔ ገበያ ከሆንኩ ትጠብቃለች። ስድስት ክፍል ስፒከር ተቀብሮበት እናቴ በጸጥታ ቁጭ ብላ ልጇ እስኪመጣ ትጠብቃለች! ምን አድርጋህ ነው? ለአንዲት አሮጊት አውራ ጣት የሚሆን አንዲት ቁልፍ ቢያደርጉብህ ምን ይጎድልብህ ነበር? አንድ ቀን «ይቅር፣ አታስቸግረው፣ ልጁ ደክሞታል» ስትል ሰማኋት። ልጁ ያለችው እኔን አይደለም፤ አንተን ነው።

ይቅርታ። አንተ አልኩዎት።

ወደ ጉዳያችን ልመለስ። ማክሰኞ ራዲዮውን ከዕቃ ቤት አወጣሁት። በጎኑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ አለው። ባንድ ጫፉ ያቺን ቀዳዳ የሚገጥም፣ በሌላው ቀይና ነጭ የሆነ ገመድ ገዛሁ፤ ፒያሳ ሞልቷል፤ መነጽር ቤትም አልላኩኝም። የደላላውን ነቅዬ የራዲዮውን ሰካሁ። እማዬ ጠርታኝ ሳይሆን ጠርቻት መጣች። ቁልፉን አዞረች። ቀጭ አለ። መታጠቢያ ቤቱ ሳይቀር ዜና ማንበብ ጀመረ።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ የታገዱ መሆኑን እየገለጽኩ፣ ቅሬታ ካለዎት በእንግዳው መስመር በኩል እንዲያቀርቡ አሳስባለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ኮርኒስ ውስጥ ላሉት እመቤት

ሐጂ ቀጠሮ ይዘው ሲወጡ በር ላይ ክንዴን ያዝ አድርገው ስለእርስዎ ጠይቀውኛል። ያላገባ የወንድም ልጅ አላቸው።