በር የሚያንኳኳው ማን ነው?

የእናቴ ግቢ በር ቆርቆሮ ነው፤ በጠጠር ሲመታ ድምፁ ጓዳ ድረስ ይሰማል። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ከአሜሪካ መጥቼ ባሕር ዳር በሰነበትኩበት ጊዜ፣ ምርጫው ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ጠዋት ቡና እየተቆላ ያ በር ተንኳኳ። እናቴ የቡናውን ምጣድ ከከሰሉ ላይ አነሣችና ዝም አለች። እህቴም ዝም አለች። ሁለቱም በሩን በሩን ያያሉ፤ የሚነሣ ግን የለም። እኔ ልነሣ ስል እህቴ ክንዴን ያዘችኝ። «ማነው?» አለች እናቴ በመጨረሻ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። የእድሩ መልእክተኛ ነበር። ከእኛ ሦስት ቤት አልፈው የሚኖሩ አዛውንት ሌሊቱን ማረፋቸውን ሊነግረን ነው የመጣው። እናቴ «እፎይ!» አለች። ወዲያው ደነገጠች፤ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ከዚያ እንባዋ መጣ።

ሞት ተነግሯት «እፎይ» ማለቷ ምን ያህል እንዳሳፈራት ስላየሁ አንድም ቃል አልተነፈስኩም። ለቅሶ ቤት ስንሄድም፣ ስንመለስም አላነሣሁባትም። ነገር ግን ያ «እፎይ» ከጆሮዬ አልጠፋም። ምርጫ ሲቃረብ የሚንኳኳ በር ለእናቴ ከሞት የከፋ ነገር ይዞ ሊመጣ ይችላል። አንዱ መጥቶ «ስብሰባ ለምን ቀረሽ?» ይላል። ሌላው «ልጆችሽ የት ናቸው? ወዴት ያደላሉ?» ይላል። ስም ይጽፋል። የተጻፈው ስም የት እንደሚደርስ የሚያውቅ የለም።

እኔ በር ማንኳኳትን የተማርኩት በሰው አገር ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2008 ባራክ ኦባማ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ቨርጂኒያ ግዛት፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ነበርኩ። በሳምንት ስድስት ቀን ዋሽንግተን ውስጥ ምድር ቤት መኪና ማቆሚያ እሠራለሁ፤ ያለኝ የመኖሪያ ፈቃድ እንጂ ዜግነት አይደለም። ድምፅ መስጠት አልችልም። የሥራ ባልደረባዬ ግን አንድ ቅዳሜ «ድምፅ ባትሰጥም እግር አለህ» ብሎ ይዞኝ ሄደ። ሕጉም ይፈቅዳል፤ ዜጋ ያልሆነ ሰው ደመወዝ እስካልተከፈለው ድረስ በበጎ ፈቃደኝነት ማገልገል ይችላል። ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ደግሞ ገንዘብም ማዋጣት ይችላል። እኔ 25 ዶላር ሰጠሁ። ለአንድ ዕጩ በጠቅላላው ከ200 ዶላር በላይ የሰጠ ሰው ስሙ፣ ሥራውና አሠሪው ተመዝግቦ ለሕዝብ ይፋ እንደሚሆን ሲነግሩኝ በልቤ «እንኳን 25 ሰጠሁ!» አልኩ። ሌሎቹ በጎ ፈቃደኞች ስማቸው መውጣቱን ከነገር አልቆጠሩትም።

ለየአንዳንዳችን የጎዳና ካርታና የስም ዝርዝር ሰጡን። ዝርዝሩ የመራጩን ስም፣ ዕድሜና የቤት ቁጥር ይዟል። ባለፉት ምርጫዎች ወጥቶ ድምፅ መስጠቱንም ያሳያል፤ ለማን እንደሰጠ ግን አያሳይም፤ እሱን የሚያውቀው መራጩ ራሱ ብቻ ነው። አንዲት ጡረታ የወጣች መምህርት ሥርዓቱን አስጠናችን። በራሪ ወረቀቱን የፖስታ ሣጥን ውስጥ እንዳታስገቡ፣ ሕግ ይከለክላል፤ በሩ እጀታ ላይ ሰክታችሁ ተመለሱ። አትከራከሩ። ሣር አትርገጡ። ሰውየው የእኛ ቁርጥ ደጋፊ ከሆነ 1 ጻፉ፣ የሚያመነታ ከሆነ 3፣ ቁርጥ ተቃዋሚ ከሆነ 5።

ከእነዚያ ሁሉ በሮች አንዱን አልረሳውም። ሰውየው ደጁ ላይ የኦባማን ተፎካካሪ የጆን ማኬይንን ስም የያዘ ሰሌዳ ተክሏል። ባልፈው ደስ ባለኝ፤ ስሙ ግን ዝርዝሬ ውስጥ አለ። አንኳኳሁ። ስድሳ ዓመት የሚሆነው፣ ሱሪው ቀለም የነካው ሰው ወጣ። ማን እንደላከኝ ነገርኩት። ልጁ ኢራቅ ዘምቶ እንደነበር አጫወተኝ፤ ድምፁን ለማኬይን እንደሚሰጥ ነገረኝ፤ ከየት አገር እንደመጣሁም ጠየቀኝ። ከዚያ ሰሌዳዬ ላይ 5 ስጽፍ አየ። «ምን ማለት ነው?» አለኝ። ምላሴ ተሳሰረ። «ቁርጥ ተቃዋሚ ማለት ነው» አልኩት። «እንዲያ ከሆነ ልክ ጽፈሃል» አለና ሳቀ። ልሄድ ስል ጠርቶ፣ ከእሱ ቀጥሎ ባለው ቤት ተናካሽ ውሻ ስላለ ከአጥሩ ውጪ ሆኜ እንድጣራ መከረኝ።

መንገዱን ተሻግሬ የሰው አጥር ተደግፌ ቆምኩ። ባደግኩበት አገር ሰው ከስሙ ጎን «ተቃዋሚ» ተብሎ ከተጻፈ እናቱ እንቅልፍ አይወስዳትም። ይህ ሰው ግን ሲጻፍ ቆሞ አየ፣ ልክ ነው አለ፣ ለጻፈበት ሰው ደግሞ ከውሻ ጥርስ አሰበለት።

እንደ ፈረንጆቹ ኅዳር 4 ማታ ቨርጂኒያ ከ1964 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የዴሞክራቶቹን ዕጩ መረጠች። ጎዳናው ላይ የማላውቃቸው ሰዎች አቀፉኝ። ደስ ብሎኛል፤ ሆኖም ከዚያ ሁሉ ጭፈራ ይልቅ ዛሬም በዓይኔ ላይ የሚመላለሰው ቀለም የነካው ሱሪ ነው።

ይህን ታሪክ በዚያው ሰኔ፣ ከለቅሶው በኋላ፣ ለአጎቴ ነገርኳቸው። አጎቴ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በጡረታ የወጡ፣ ከሃያ ዓመት በላይ የእድር ጸሐፊ ሆነው ያገለገሉ ሰው ናቸው። ጣና ዳር ዋርካ ሥር ተቀምጠን የተጠበሰ ቆሮሶ እየበላን ነው። ከዘጌ በኩል እንጨት የጫነ የደንገል ታንኳ ቀስ እያለ ይመጣል። አጎቴ ዓሣውን ትተው አዳመጡኝ።

«ለመሆኑ ስንት ከፈሉህ?» አሉኝ።

«ምንም አልከፈሉኝም፣ ጋሼ። እንዲያውም እኔ ነኝ የሰጠሁት።»

«ሥራ ያስገቡሃል ማለት ነው?»

«የለም።»

«ሰውየውስ ያውቁሃል?»

«ከየት ያውቁኛል!»

አጎቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። አልፈረድኩባቸውም። እኛ አገር ፕሬዚዳንት የሚመረጠው የተወካዮች ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤት በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው፤ ዘመኑ ስድስት ዓመት ነው። ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ወይዘሮ ሣህለወርቅ ዘውዴ ሲመረጡ እናቴ በቴሌቪዥን አይታ እልል አለች፤ የእሷ ድርሻ እልልታው ነው። ለተወካዮች ምክር ቤት በሚደረገው ምርጫ ቢሆንም፣ ሰው ከካርዱ አልፎ ለሚወደው ዕጩ ሰፈር ለሰፈር ዞሮ ልቅስቀስ ቢል መጀመሪያ የሚጠየቀው አጎቴ የጠየቁኝን ነው፤ ማን ላከህ፣ ምን ሊሰጥህ ነው?

ደግሞ እኮ ዞሮ ማንኳኳት ጠፍቶብን አይደለም! አጎቴ ከኮት ኪሳቸው የማይለይ ደብተር አለ፤ ጥጋጥጉ የተበላ፣ በላስቲክ የታሰረ። እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። የአባላቱ ስም በቤት ቁጥር ተራ ተጽፏል። በየስሙ ጎን የወር መዋጮው አለ፤ ከዚያ በእርሳስ የተጻፉ ትንንሽ ቃላት ይከተላሉ፤ «ታማለች»፣ «ልጁ ሥራ ፈትቷል፣ እስከ ጥቅምት ይታገሡት»፣ «ደረጃ መውጣት አትችልም፣ ደጇ ድረስ»። ቨርጂኒያ ላይ የያዝኩት ዝርዝር ከዚህ ጋር ሲተያይ አጽሙ የቀረ ነው። ዓመታዊ ስብሰባቸው ላይ ደግሞ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ በእጅ ማውጣት ይመረጣሉ፤ የድንኳኑና የብረት ድስቱ ሒሳብ እየተነበበ ሰው ፊት ለፊት ይወቃቀሳል፤ አንድ ጊዜ የቀድሞው ገንዘብ ያዥ 300 ብር ስለጎደለበት ሕዝብ ፊት ቆሞ ማስረዳት እንደነበረበት አጎቴ ነግረውኛል። በማግሥቱ ሁሉም ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

ወደ እምቦጩም ሄደዋል። አረሙ ጣና ላይ ከታየ ያኔ ወደ ዐሥር ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር፤ በተለይ የሰሜንና የሰሜን ምሥራቅ ዳርቻውን፣ ደምቢያንና ፎገራን ክፉኛ ይዞታል። እኛ በውጭ ያለን ሰዎች ለማሽን መግዣ ገንዘብ ስናዋጣ፣ እነሱ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በተደረገው ዘመቻ በእጃቸው ሊነቅሉ ወጡ። አጎቴ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። እስከ ወገብህ ውሃ ውስጥ ትገባለህ፤ አበባው ወይን ጠጅ ነው፣ ዓይን ይስባል፤ ሥሩ ግን እንደ ጠጉር ተንዠርጎ እርስ በርሱ ስለሚጠላለፍ አንዱን ስትስብ ዐሥሩ ይከተልሃል። ውሃ ስለያዘ ይከብዳል። ዳር አውጥተህ ካላደረቅኸው ተመልሶ ይበቅላል። «ማታ እጄ ማንኪያ መያዝ አቃተው» አሉኝ። ማን ከፈላቸው? ማንም። ሰው የራሴ ነው ያለውን ነገር ለማዳን ይህን ያህል ይወጣል።

ታዲያ ይህ ሕዝብ መሪ ሲመረጥ ለምን በሩን ይዘጋል? እኔ መልሱን ከስንፍናም፣ ካለማወቅም አልፈልገውም። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ወገኔ ገና ሳይነጋ ተሰልፎ ነበር። ከዚያ ምርጫ በኋላ በተነሣው ሁከት 193 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን የአጣሪ ኮሚሽኑ አባላት ይፋ አድርገዋል። ቀጥሎ «አንድ ለአምስት» የሚባለው አደረጃጀት መጣ፤ ጎረቤት የጎረቤቱን ልብ እንዲያጠና ሆነ። በ2007ቱ ምርጫ ገዢው ግንባርና አጋሮቹ 547ቱንም መቀመጫ ወሰዱ። ነሐሴ 1 ቀን 2008 ዓ.ም. ደግሞ እዚሁ ባሕር ዳር አደባባይ የወጡ ወጣቶች በጥይት ወደቁ፤ በየሰፈሩ የማን ልጅ እንደሆነ ዛሬም ስም ይጠራል። ይህን ሁሉ ያየች እናት በሩ ሲንኳኳ ምጣዷን ብታነሣ የሚፈርድባት ሰው ከእኔ ጋር አይስማማም።

አሜሪካን ለማወደስ እንዳልተነሣሁ አንባቢ ይረዳልኛል። የ2008ቱ የኦባማ ዘመቻ ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቧል፤ ከ2010 ጀምሮ ደግሞ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ኩባንያዎች ለምርጫ ያሻቸውን ያህል ማውጣት ችለዋል፤ የእኔ 25 ዶላር በዚያ ባሕር ውስጥ ጠብታ ናት። እንደ ፈረንጆቹ ጥር 6 ቀን 2021 የተሸነፈው ወገን ምክር ቤቱን ጥሶ ሲገባ ሥራዬ ላይ ሆኜ በስልክ አየሁ፤ ያን ቀን ያ ማኬይንን የመረጠ ሰው ትዝ አለኝ፣ ዛሬስ በሩን ይከፍትልኝ ይሆን ብዬ።

በዚያው ሰሞን እኛም ተፈትነናል። ጥቅምት 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ዶናልድ ትራምፕ ግብፅ የዓባይን ግድብ «ታፈነዳዋለች» ብለው ሲናገሩ፣ በማግሥቱ ምርጫን ከቁም ነገር የማይቆጥሩ ታክሲ ነጂ ወዳጆቼ ሳይቀሩ የመራጭነት ምዝገባ ይጠይቁ ጀመር። በዓመቱ ደግሞ በባይደን መንግሥት የኢትዮጵያ ፖሊሲ የተቆጡ ብዙ ኢትዮጵያውያን በቨርጂኒያ ገዥ ምርጫ ለሪፐብሊካኑ ለግሌን ያንግኪን ቀሰቀሱ፤ እሳቸውም አሸነፉ። በአንድ ቤተ ክርስቲያን የምናስቀድስ ሰዎች በሁለት ወገን ተሰልፈን በር ለበር ስንዞር ደረጃ ላይ ተገናኝተናል። አንዳንዶቻችን ሰላምታ ነፍገን ተላለፍን፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሌሎቻችን ግን የቀረውን ውሃ ተካፍለን ጠጣን።

እናቴ በምርጫው ቀን፣ ሰኔ 14፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጃንጥላዋን ይዛ ወጣች። ስትመለስ ቀለም የነካ ጣቷን አሳየችኝ። ማንን እንደመረጠች ለእኔም፣ ለእህቴም አልነገረችንም፤ እኛም አልጠየቅናትም።

ወደ ዋሽንግተን ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ አጎቴ ሊሰናበቱኝ መጡ። ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። ሌላ ወሬ ስናወራ ቆይተን፣ ድንገት ደብተራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት፤ አልከፈቱትም።

«ያ አምስት የጻፍክበት ሰው» አሉኝ፣ «ኋላ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም፣ ጋሼ። ደግመን እንዳናስቸግረው ከዝርዝሩ አወጣነው።»

«ያንተ ሰው ካሸነፉ በኋላስ?»

«ምንም።»

«ሰሌዳውንስ?»

«በሳምንቱ በዚያ መንገድ አልፌ ነበር። እዚያው እንደተተከለ ነው።»

አጎቴ ስኒያቸውን አስቀመጡ። እናቴም ማማሰሏን ትታ ታዳምጣለች።

«አንተ ከነሰሌዳው!» አሉኝ። «እስቲ ከመጀመሪያው ድገምልኝ፤ ሲጻፍ ቆሞ አየ ነው ያልከኝ?»