ስልኩ ሲዘረጋ የሚጎብጠው ማን ነው?

እቁብ እስኪደርሳችሁ ቀን የምትቆጥሩ፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ስልክ እንዲይዝላችሁ ደጋግማችሁ የምትደውሉ፣ ደመወዛችሁ በገባ ቁጥር ስንት ወር እንደቀራችሁ የምታሰሉ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። የተመኛችሁትን የሚታጠፍ ስልክ አውቀዋለሁ። እንደ መጽሐፍ የሚዘረጋው፣ ወይም መስታወት እንዳለው የፊት ዱቄት ማኅደር ክድን የሚለው ነው። ተቆጥቼ እንደምናገር አልደብቃችሁም፤ ቁጣዬ ግን ከፍቅር የመጣ ነው፤ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ዕቃውን አላንቋሽሽም። አንድ ወዳጄ መዳፌ ላይ አስቀምጦልኝ ከፍቼ ዘግቼዋለሁ፤ ተደንቄያለሁም። ብርሃን የሚተፋ ገጽ እንደ ወረቀት ሲታጠፍ ማየት ያስደንቃል። እኛም ብንሆን ለሚታጠፍ ነገር እንግዶች አይደለንም። የጥንት ብራና ፋቂዎቻችንና ሠዓሊዎቻችን ሰንሱል የሚባል ነበራቸው። ረጅም ብራና እየተጣጠፈ በእጅ መዳፍ ይያዛል፤ ሲዘረጋ ሥዕሎቹ በተርታ ይወጣሉ። ሰንሱል ብዙ ዘመን ሲታጠፍና ሲዘረጋ ኖሮ ለእኛ ደርሷል። ብራና ግን ቆዳ ነውና መታጠፍ ባሕርይው ነው። መስታወት እንዲያ አይደለም፤ ታጠፍ ተብሎ ሲገደድ የሚያጣው ነገር አለ።

ምን እንደሚያጣ ልንገራችሁ። የተለመደው ስልካችሁ ፊት ላይ ያለው መስታወት ጠንካራ ነው፤ ኪስ ውስጥ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ቢውል በቀላሉ አይጫርም። የሚታጠፈው ስልክ የውስጥ ስክሪን መስታወት ውፍረቱ በብዙዎቹ 30 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ ከራስ ፀጉራችሁ ይቀጥናል። እንዲህ የሳሳ መስታወት ራሱን ችሎ መቆም ስለማይችል በላዩ ፕላስቲክ ይለበጥበታል። ጣታችሁ የሚነካው እንግዲህ ያንን ፕላስቲክ ነው፤ ፕላስቲክ ደግሞ ጥፍር እንኳን ይበረታበታል። ሠሪዎቹ ራሳቸው ከስልኩ ጋር በሚሰጡት ማስጠንቀቂያ በጥፍር ወይም በሹል ነገር አትጫኑት፣ በሁለቱ ገጾች መሐል ሳንቲም፣ ቁልፍ ወይም ካርድ አታስቀምጡ ይላሉ። ከመስታወቱ በታችም ብዙ ስስ ንጣፎች በለስላሳ ማጣበቂያ ተደራርበዋል። ስልኩ በታጠፈ ቁጥር በአንድ በኩል ያለው ንጣፍ ይለጠጣል፣ በሌላው በኩል ያለው ይጨመቃል። መሐል ለመሐል በጣት የሚዳሰሰው ሸንተረር የዚህ ድካም አሻራ ነው።

ከዚህ በፊት የሚታጠፍ ስልክ አልነበረም ወይ የሚል አይጠፋም። ነበረ። ሞቶሮላ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣውን ሬዘር ብዙዎቻችን እናስታውሰዋለን፤ ጥሪ ሲያበቃ ጠቅ አድርገን የምንዘጋው። በዚያ ስልክ ላይ የሚታጠፈው ገላው ነበር፤ ስክሪኑ በአንዱ ክዳን ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ነበር። እንዲያውም መታጠፉ ስክሪኑን ከጭረት ይጠብቀው ነበር። የዛሬው ግን የሚታጠፈው ራሱ ስክሪኑ ነው። ማጠፉ ያኔ መከታ ነበር፤ ዛሬ ዋናው ሥጋት ሆኗል።

የዚህን ዕቃ አመጣጥም አስታውሱ። ሮዮል የተባለ የቻይና ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ፍሌክስፓይ የተባለውን ይዞ ከሁሉ ቀድሞ ብቅ አለ፤ ያ ኩባንያ ዛሬ ከስሯል። ሳምሰንግ በ2019 መጀመሪያ ጋላክሲ ፎልድን በ1,980 ዶላር አስተዋወቀ። በሚያዝያ ወር ሊሸጠው ሲዘጋጅ፣ ፈትሻችሁ ጻፉ ተብለው ስልኩን ቀድመው ከተቀበሉት ጋዜጠኞች የአንዳንዶቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተበላሸ። ከፊሎቹ የላይኛውን ሽፋን ተራ የስክሪን መከላከያ መስሏቸው ልጠውት ነበር፤ በሌላው ላይ በማጠፊያው በኩል ባዕድ ነገር ገብቶ ስክሪኑን ከሥሩ ገፋው። ሽያጩ እስከ መስከረም ተራዘመ። ኩባንያው አጥፍቶ አርሟል፤ ዛሬ ብዙ ነገር መሻሻሉንም አምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ2025 ያወጣው ዜድ ፎልድ 7 ሲታጠፍ ውፍረቱ 8.9 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ቀድሞ 200,000 ጊዜ መታጠፍ ይችላል ይባል የነበረው ስክሪን አሁን 500,000 ጊዜ ይችላል ይላሉ። በቀን 100 ጊዜ ለሚከፍት ሰው 200,000 ብቻ እንኳን አምስት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ነው፤ ትንሽ አይደለም። ይህ ቁጥር የተገኘው ግን በቤተ ሙከራ ውስጥ ማሽን እያጠፈ እየዘረጋ ነው። ያ ማሽን መርካቶን አቋርጦ አያውቅም። በታክሲ ተጨናንቆ አልተሳፈረም፣ ስልኩን ሕፃን ልጅ አልነጠቀውም።

ስለ አቧራ ደግሞ ሻጮች አፋቸውን ሞልተው የማይነግሯችሁን ልጨምር። ዜድ ፎልድ 7 የተሰጠው የመከላከያ ደረጃ አይፒ 48 ይባላል። ስምንቱ የውኃ ነው፤ እሱ ጥሩ ነው። አራቱ ግን ከ1 ሚሊሜትር የሚበልጥ ነገር አይገባም ማለት ብቻ ነው። ከ1 ሚሊሜትር የሚበልጥ አቧራ የት ታውቃላችሁ? የእኛ የበጋ አቧራ እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ በተዘጋ መስኮት ገብቶ ሳህን ላይ የሚያርፍ ነው። እርግጥ ጉግል በዚያው ዓመት ያወጣው ፒክስል 10 ፕሮ ፎልድ አቧራን ጭምር የሚከላከል አይፒ 68 አግኝቷል። ስለዚህ መንገዱ ተጀምሯል፤ ጥቂት ዓመት መታገሥ የሚችል ሰው የተሻለውን ያገኛል። መታገሥ ግን የምኞት ጠላት ነው፤ እኔም የምጮኸው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። ዜድ ፎልድ 7 ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ 1,999 ዶላር ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት፣ የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲመራ ከመደረጉ አስቀድሞ፣ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ ይህ ገንዘብ 114 ሺህ ብር አካባቢ ነበር። ዛሬ ዶላሩን በ140 ብር እንኳን ብታሰሉት 280 ሺህ ብር ይጠጋል፤ ቀረጡ፣ ታክሱና የነጋዴው ትርፍ ገና አልተነካም። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተሻሻለው የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚቀጠር ሰው መነሻው 11,500 ብር ነው። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጦ የተመረቀ ልጅ ሳይበላ፣ የቤት ኪራይ ሳይከፍል፣ ግብር ሳይቆረጥበት፣ ለእናቱ አንዲት ብር ሳይልክ ሁለት ዓመት ሙሉ ቢያጠራቅም ያንን ስልክ ሊደርስበት ትንሽ ይቀረዋል። ወገኖቼ፣ ይህ ምኞት ነው ወይስ በራስ ላይ የሚጣል ዕዳ? በዚያ ስልክ ገንዘብ ልታስተላልፉ ነው? ቴሌብር እኮ *127# በመደወል በተራ የቁልፍ ስልክ ይሠራል። እናታችሁን ልታነጋግሩ ነው? ድምፅዋ በታጠፈው ስልክ አይጠራም፣ ባልታጠፈውም አይሻክርም።

ዋጋቸው ዝቅ ያለ አሉ ትሉኝ ይሆናል። አሉ፤ ቴክኖ እንኳን እ.ኤ.አ. በ2023 ፋንተም ቪ ፎልድንና ፋንተም ቪ ፍሊፕን አውጥቷል። ዋጋው ይቅለል እንጂ የስክሪኑ ጠባይ ያው ነው፤ እዚያም የሳሳ ገጽ፣ እዚያም ማጠፊያ አለ። ያገለገለ የሚታጠፍ ስልክ ልግዛ ለሚል ደግሞ አንድ ቃል ብቻ አለኝ፤ ተው። ስንት ሺህ ጊዜ እንደታጠፈ የሚነግርህ የለም።

ለማን ይገባል? ይህንንም ሳልናገር ባልፍ በደለኛ እሆናለሁ። ነጋሪት ጋዜጣን በትንሽ ስልክ አንብቦ የሚያውቅ ጠበቃ ያውቀዋል፤ ገጹ ለሁለት ዓምድ ተከፍሏል፣ በአንዱ አማርኛው በሌላው እንግሊዝኛው፤ አንዱን አንቀጽ ለመጨረስ ገጹን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲጎትት ፍርድ ቤቱ ይጠራዋል። ስምንት ኢንች ስክሪን ለዚህ ሰው መሣሪያ ነው። የሒሳብ ሠንጠረዥ በመንገድ ላይ የሚያርም የሒሳብ ባለሙያ፣ ዓይናቸው የደከመና ፊደሉን ማጉላት የሚያስፈልጋቸው አባት፤ ለእነዚህ አልከለክልም። ፊደላችን ራሱ ትልቅ ገጽ ይወዳል፤ በትንሽ ስክሪን ላይ ቀ እና ቁ፣ ሰ እና ሱ የሚለዩባት ቅጥል ትጠፋለች። ሥራው የሚጠይቀው፣ ገንዘቡም የራሱ የሆነ ሰው ይግዛ፤ በደንብ ይጠቀምበት፤ ሲሰበርበትም ከኪሱ ያሳድሰው። ከእናንተ ግን እንዲህ ያለ ሥራ ይዞ የሚመኘው ስንቱ ነው? እውነቱን ተናገሩ። አብዛኞቻችን ስክሪኑን ዘርግተን የምናየው ያንኑ አጫጭር ቪዲዮ ነው። እሱም ለቁመት የተሠራ ስለሆነ በሰፊው ገጽ ላይ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

ከሁሉ በላይ አንጀቴን የሚያቃጥለው ግን ይኸኛው ነው። ስንቶቻችን ይህንን ስልክ የምንጠብቀው ከባሕር ማዶ ካሉት እህቶቻችን ነው? ሪያድ ወይም ጅዳ በሰው ቤት ተቀጥራ በወር አንድ ሺህ ሪያል የምታገኝ እህት አለችህ እንበል። 1,999 ዶላር ሰባት ሺህ አምስት መቶ ሪያል ገደማ ነው። ሰባት ወር ተኩል! ሰባት ወር ተኩል ሙሉ የሰው ወለል አጥባ፣ የሰው ልጅ አዝላ፣ በጾም ወር ሌሊቱን ሙሉ ለሌላው ማዕድ አቅርባ ያገኘችው ሁሉ ለአንተ አንድ ማጠፊያ ይሆናል። የሰው ወርቅ አያደምቅም ያሉት አባቶቻችን ስለ ወርቅ ብቻ አልተናገሩም። አንተ ካፌ ቁጭ ብለህ ስትዘረጋው ሰው ያይልህ ይሆናል፤ ያ የዘረጋኸው የእርስዋ የታጠፈ ወገብ ነው።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ልጅ አለ፤ ስሙን አልጠራም። ሲመረቅ እህቱ የሚታጠፍ ስልክ ላከችለት። ቀኑ ትዝ ይለኛል፤ የሰፈሩ ልጆች ከበው ተራ በተራ አጠፉት፣ ዘረጉት። ስድስት ወር እንኳን አልሞላውም፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል በመሐሉ እንደ ክር የቀጠነ ጥቁር መስመር ወጣ። በሳምንቱ ግማሹ ገጽ ጨለመ። ፒያሳ ይዞት ሄደ፤ ጠጋኙ ከፍቶ እንኳን ሳያየው ራሱን ነቀነቀ። የውስጡ ስክሪን በትእዛዝ ከውጭ ካልመጣ እዚህ የለም፣ ቢመጣም ዋጋው አዲስ ደህና ስልክ ይገዛል አለው። ጠጋኙን አመሰገንኩት፤ አላታለለውም።

በዚህ ጥፋት ልጁን ብቻ የምትወቅሱ ከሆነ ግን አልተግባባንም። እናንተ ሰውን በያዘው ስልክ የምትመዝኑ፣ ሽማግሌ ልካችሁ ልጃገረድ ስትጠይቁ የሙሽራውን ስልክ የምታዩ፣ ለሥራ የመጣውን ወጣት ማስረጃውን ሳታነብቡ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠውን ስልክ የምትገምቱ፣ ታናናሾቻችሁ ፊት ስልካችሁን ወደ ላይ ገልብጣችሁ የምታስቀምጡ ትልልቆች፣ ምኞቱን የዘራችሁት እናንተ ናችሁ። ልጁ ያንን ስልክ የፈለገው እናንተ እንድታዩት ነው። አይታችሁት ነበር፤ አጨብጭባችሁለትም ነበር። ሲሰበርበት ግን የት ነበራችሁ? በዚያው ገንዘብ ደህና ስልክና አንድ ኮምፒውተር ይገዛ ነበር ብሎ አንድም ሰው ሲመክረው አልሰማሁም። እኔም አልመከርኩትም። ያን ቀን ከከበቡት ውስጥ ነበርኩ፤ አጥፌ ዘርግቼ ድንቅ ነው ብያለሁ። ይህንን ተግሳጽ ለመጻፍ ያስነሣኝ አንዱ ያ ነው።

ልጁ ዛሬ ስልኩን አጥፎ ነው የሚይዘው። በውጭ በኩል ባለችው ጠባብ ስክሪን ይደውላል፣ መልእክት ይጽፋል፤ ውስጡን ከፍቶ አያየውም። ዓርብ ዓርብ እህቱ ዕረፍት ስታገኝ በቪዲዮ ትደውልለታለች። ባለፈው አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ፊትዋ ከስቷል፤ የጎን መብራት ብቻ ባለበት ጠባብ ክፍል ውስጥ አልጋ ላይ ተቀምጣለች። ስለ እናታቸው ጤና ጠየቀችው፣ ስለ ሥራ ጠየቀችው፤ በመጨረሻ ፈገግ ብላ፣ «ስልኩስ እንዴት ነው? ወደድከው?» አለችው።

«በጣም ጥሩ ነው እቴ» አላት፤ ከዚያም ዓይኑን ወደ እኔ ሳያዞር ስልኩን ይበልጥ ጠበቅ አድርጎ ያዘው።