ልብና ኩላሊት መርማሪዎቹ

ባሕር ዳር ተባርካለች። ድሮ ልብና ኩላሊት የሚመረምር እግዜር ብቻ ነበር። ዛሬ ጣና ዳር ዛፍ ጥላ ሥር ማኪያቶ ይዞ የተቀመጠ ሁሉ ይመረምራል። ስምህን ሳይጠይቅ ቁጥርህን ይነግርሃል።

ሙያው ኢኒያግራም ይባላል። "ኢኒያ" በግሪክ ዘጠኝ ነው፤ የአዳም ዘር በጠባዩ ተጠቅልሎ ዘጠኝ ዓይነት ሆኗል፤ ለየዓይነቱም ቁጥር አለው። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ክላውዲዮ ናራንሆ ይህን ከሙያው መምህር ከኦስካር ኢቻዞ ለመማር በ1970 እ.ኤ.አ. ከካሊፎርኒያ ተነሥቶ ቺሊ፣ አሪካ ድረስ ሄዷል። ምን አደከመው? የኛ ልጆች ስልክ ላይ በዐሥር ደቂቃ ይጨርሱታል። ቅኔ ለመቁጠር ጎጃምን በእግራቸው ያካለሉ፣ ኮቾሮ እየበሉ ዓመታት የገፉ የኔታዎች ይህን ቢያዩ በቅናት ባረሩ።

ነገሩም ሰምና ወርቅ ነው። ሥራው ሰም፣ ምክንያቱ ወርቅ። ሁለት ቁጥርና ዘጠኝ ቁጥር ሁለቱም እሺ ባዮች ናቸው። ሁለቱ እሺ የሚለው እንዲወደድ ነው፤ ዘጠኙ ጭቅጭቅ ሽሽት። አንድና ስድስትም ሕግ አክባሪዎች ናቸው። አንዱ መሳሳትን ስለሚጠላ፣ ስድስቱ ስጋት እንቅልፍ ስለሚነሣው። ከላይ ሲታዩ አይለዩም። ሊቃውንቶቻችን ግን ይለያሉ፤ ያውም ባለቤቱን ሳይጠይቁ። መጠየቅማ የጀማሪ ነው!

ባለፈው ቅዳሜ የቆሮሶ ጥብስ ልንበላ ሐይቁ ዳር ተሰየምን። ሦስት አዘን አራት መጣልን። "አራተኛው ምርቃት ነው ልጆቼ" አሉ የቤቱ ባለቤት ሴትዮ። እኔ ሞኙ እጄን ልሰድ ስል ወዳጄ ክንዴን ያዘኝ።

"ቆይ! ሁለት ናቸው። መወደድ ይፈልጋሉ።"

"ኧረ ዘጠኝ ናቸው" አለ ሌላው። "ባለፈው አሳው አነሰ ብለህ ስታጉረመርም ሰምተውሃል።"

ግማሽ ሰዓት ተሟገቱ። አሳው ቀዘቀዘ፣ ሎሚው ደረቀ። ሳትከራከር የበላች ዝንብ ብቻ ናት።

በመጨረሻ ሴትዮዋን ራሳቸውን ጠየቅኋቸው። (ነውር መሆኑን አውቃለሁ።)

"ከትናንት ጀምሮ መብራት የለም እኮ ልጄ፤ ፍሪጁ ቆሟል። እንዳይበላሽብኝ ብዬ ነው።"

ወዳጄ ያፍራል ብዬ ጠበቅሁ። ጠረጴዛውን መታ። "አላልኩም? ስጋት! ስድስት ናቸው!"

ስድስት ያለ ሰው እኔ አልሰማሁም።

ሒሳብ መጣ። አንዱ ስልኩ ላይ አቀረቀረ፣ ሌላው እጁን ሊታጠብ ተነሣ። ከፈልኩ። ሁለት ቁጥር ነህ ተባልኩ።