ለአገጫችን የተጻፈ ምስጋና

ኮሮና አገራችን ከገባበት ከመጋቢት 2012 ጀምሮ ስለ ሳንባ፣ ስለ አፍንጫና ስለ እጅ ያልተባለ ነገር የለም። ቴሌቪዥኑ እንደ ሕፃን ልጅ እጅ መታጠብ ሲያስተምረን ከርሟል፤ ለወዳጅ ስልክ በደወልን ቁጥርም ወዳጃችን ከማንሣቱ በፊት ስለ ሳልና ስለ ትኩሳት ምክር ሰምተናል። ስለ አገጭ ግን አንድም ሐኪም፣ አንድም ባለሥልጣን ትንፍሽ አላለም። ይህ ውለታ ቢስነት ነው። ሱቁ ሁሉ ተከፍቶ፣ ካፌው ሞልቶ፣ ታክሲው ጢም ብሎ በሚጭንበት በዚህ በጥቅምት 2013፣ የአዲስ አበባን ሰው ከፍርሃትም ከይሉኝታም በአንድ ጊዜ የገላገለው አገጭ ነውና፣ ሌላው ቢረሳው እኔ ላመሰግነው ተነሥቻለሁ።

ነገሩ ላልገባው ሰው ማስክን አገጭ ላይ አውሎ መሄድ ስንፍና ይመስለዋል። ስንፍና አይደለም፤ ብዙ የታሰበበት መፍትሔ ነው። ማስኩን አፍና አፍንጫው ላይ በሥርዓት ያደረገ ሰው በጓደኞቹ ፊት ፈሪ ይባላል፤ «አንተ ደግሞ አበዛኸው» የሚለውን ቃል ሳይሰማ አይውልም። ጨርሶ ያላደረገው ደግሞ ከፖሊስ ጋር ይጋጫል፣ ባንክ ደጃፍ ላይ ይመለሳል፣ አክስቱ ቤት ሲሄድም «ልትገድለኝ ነው የመጣኸው?» ይባላል። አገጩ ላይ ያዋለው ግን ከሁሉም ጋር በሰላም ይኖራል፤ ለደፋሩ «ይኸው አፌ ክፍት ነው»፣ ለፈሪው «ይኸው ይዣለሁ» ለማለት ይመቸዋል። አባቶቻችን «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ያሉትን ምክር እንደኛ ቃል በቃል የፈጸመ ትውልድ የለም፤ አንዱን ባላ በቀኝ ጆሯችን፣ ሁለተኛውን በግራ ጆሯችን ተክለን ይኸው ተንጠልጥለናል። ፍርሃታችሁ ከአንገት በላይ ነው እያሉ የሚወቅሱን ሰዎችም ሳያውቁት አመስግነውናል። ቦታውን በትክክል ነው የጠቆሙት፤ ከአንገት በላይ፣ ከአፍ በታች።

እዚህ ጥበብ ላይ በአንድ ቀን አልደረስንም። መጋቢት 4 ቀን 2012 አንድ የጃፓን ዜጋ በአገራችን በቫይረሱ መያዙ ሲነገር፣ አንድ ሰው ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል፣ ከተማው በአንድ ጀምበር ጨው ሆኖ ቀረ። ሎሚና ነጭ ሽንኩርት እንደ ወርቅ ተወደዱ፤ ዝንጅብልና ፌጦ ከጓዳ ወጥተው የመድኃኒትነት ማዕረግ ተቀበሉ፤ ቅዳሜ ገበያ ሄዶ ሎሚ ያገኘ ሰው በሰፈሩ እንደ ጀግና ተወራለት። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ወሩ ሳያልቅም ለአምስት ወር የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ መጨባበጥ፣ ያ ከአያት ከቅድመ አያት የወረስነው መጨባበጥ፣ በሕግ የሚያስቀጣ ነገር ሆነ፤ አትክልት ተራ ሳይቀር ከነቲማቲሙ ከፒያሳ ተነቅሎ ጃንሜዳ ሰፈረ፣ ክረምቱንም ጭቃ ውስጥ ቆሞ ሽንኩርት ሲሸጥ ከረመ። በዚህ በጥቅምት 2013 በቫይረሱ መያዙ የተረጋገጠው ሰው ከ90 ሺህ፣ የሞተውም ከ1,300 በልጧል፤ ሎሚ ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። በአንድ ሰው የተርበደበደ ሕዝብ ለ90 ሺህ ዓይኑን አለማሸቱ የሚደነቅ ነው። ሌላው ዓለም ቁጥሩ ሲጨምር ይፈራል፣ ሲቀንስ ይረጋጋል። እኛ ፍርሃታችንን በቅድሚያ፣ ያውም በአንድ ጊዜ፣ ከፍለን ጨርሰናል።

አዋጁ አምስት ወሩን ቆጥሮ በአዲሱ ዓመት ዋዜማ ሲያበቃ፣ ቫይረሱም ነጋሪት ጋዜጣ አንብቦ አብሮ የተሰናበተ መስሎ የታያቸው ጥቂቶች አይደሉም። ኋላ መመሪያ ቁጥር 30 ወጥቶ ማስኩም፣ ርቀቱም፣ አለመጨባበጡም እንዳለ መሆኑን ቢያስታውቅም፣ መመሪያና አዋጅ ለጆሮ እኩል አይከብዱምና በአክብሮት ሰምተን አሳለፍነው። በዚህ ሰሞን የአብዛኛው ሰው ልብ ለሁለት ተከፍሏል። ሱቅ ሲከፈት ደስ ይለዋል፤ ሱቁ በሰው ሲሞላ ይደነግጣል፤ ደንግጦም አይመለስም፣ ይገባል፤ ከገባም በኋላ «ይሄ ሁሉ ሰው ምን ሊሠራ ነው የመጣው?» ብሎ ይቆጣል።

በእኛ ሰፈር የልብስ ሱቅ ያለው ወዳጄ ለዚህ ድርብ ስሜት ጥሩ ምሳሌ ነው። በሚያዝያ ደጃፉ ላይ ቢጫ ገመድ ወጥሮ፣ ደንበኞቹን ከገመዱ ማዶ አቁሞ፣ ብራቸውን ጫፉን ብቻ ይዞ ሲቀበል የነበረ ጠንቃቃ ሰው ነው። ያ ገመድ ዛሬም እዚያው አለ፤ የሕፃናት ካልሲ ተንጠልጥሎበታል። ካልሲውን ለመምረጥ የሚመጡ እናቶች ከገመዱ ሥር ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ሲቆሙ ደስ ብሎት ያያቸዋል፤ ወዲያው ደግሞ ፊቱ ይከፋል። የከፋው ቫይረሱን አስቦ አይደለም። በአዋጁ ወራት አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ተከልክሎ ስለነበረ፣ ጠፍተው የከረሙት አከራዩ አሁን ጤናውን ለመጠየቅ በየሁለት ቀኑ ይደውላሉ። «አዋጁ ክፉ ነበር፣ ግን የሚከበር ሰው ነበርኩ» ብሎኛል። እርሱንና በየቀኑ ሠርቶ ማታ እንጀራ ይዞ የሚገባውን የቀን ሠራተኛ ከዚህ ምስጋና ማውጣት አለብኝ። እነርሱ የወጡት ቤት መቀመጥ ስላልቻሉ ነው፤ ምስጋናዬ መቀመጥ እየቻለ ለማኪያቶ ለወጣው ነው።

ይህ የተመሰገነ ሰው በሱፐርማርኬት በር ላይ ሲደርስ ማየት ነው እንግዲህ። አምስት እርምጃ ሲቀረው ማስኩን ከአገጩ ወደ አፍንጫው ይስበዋል፤ ይህን የሚያደርገው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲያልፍ እንደሚያማትብ ሰው ነው፣ ሳያስበው። በሩ አጠገብ ቧንቧ የተገጠመለት ቢጫ ጀሪካን አለ። በመጋቢት ውሃም ሳሙናም ነበረው፤ በሐምሌ ሳሙናው አለቀ፤ ዛሬ ውሃውም የለም። ባለፈው ሳምንት ከፊቴ የነበረ አንድ ባለ ከረባት ሰው ቧንቧውን ከፈተ፣ ምንም አልወረደም፤ እርሱ ግን ሳይታወክ ደረቅ እጁን በደረቅ እጁ አፋተገ፣ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር አሸ፣ ጣቶቹን አራገፈ፣ ቧንቧውንም በጥንቃቄ መልሶ ዘጋ። ከዚያ ጥበቃው ሙቀት መለኪያውን ግንባሩ ላይ ደገነበት። እኔ ከኋላ ሆኜ ቁጥሩን አየሁት፤ 33.4 ይላል። እውነት ቢሆን ኖሮ ባለ ከረባቱ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ አምቡላንስ መጠበቅ ነበረበት፤ ጥበቃው ግን «በጣም ጥሩ ነው፣ ይግቡ» አለው። ገባ፤ ከሁለተኛው መደርደሪያ ሳያልፍም ማስኩ ወደ ተፈጥሯዊ ቦታው ወደ አገጩ ተመለሰ። የዘይቱን ዋጋ መጠየቅ ነበረበትና፣ አፉ ተሸፍኖ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው በዚህ አገር የለም። የእኛ ሰው ማስኩን ዝም ሲል ያደርገዋል፣ ሲናገር ያወርደዋል፤ ስልክ ሲጠራ ያወርደዋል፤ የወዲያኛውን ሰውዬ ድምፅ በአፉ ነው የሚሰማው ማለት ነው። ማስነጠስ ሲመጣበት ደግሞ፣ ይህን በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፣ እንዳይቆሽሽበት ፈጥኖ ያወርደውና አየሩ ላይ አስነጥሶ መልሶ ይለብሰዋል። ዕቃ አያያዝ ማለት ይህ ነው።

ታክሲ ውስጥ ደግሞ ጥበቡ የግል መሆኑ ይቀርና የማኅበር ይሆናል። ግማሽ ሰው ጭኖ እጥፍ የሚያስከፍልበት ጊዜ ካለፈ ወዲህ፣ በየወንበሩ ብቻችንን ተዘርግተን የሄድንባቸው ወራት እንደ ሕልም ሆነዋል። ባለፈው ማክሰኞ ከመገናኛ በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ለአሥራ ሁለት ሰው በተሠራው መቀመጫ ላይ አሥራ ስድስት ሆነን፣ አሥራ አራት አገጮች በአሥራ አራት ማስኮች ተሸፍነው እንጓዝ ነበር። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ሲያይ ቆየና «ማስክ! ማስክ! ትራፊክ አለ!» ብሎ ጮኸ። ሰልፍ ላይ ያለ ወታደር እንኳን እንዲያ ባንድነት እጁን አያነሣም። አንዲት ማስክ የሌላት ልጅ ነጠላዋን ሳበች፤ ከኋላ ያለው ጎረምሳ ከኪሱ የተጨማደደ ትርፍ ማስክ አውጥቶ ለጎኑ ሰው አዋሰ፤ ያ ሰው ከየት መጣ፣ ማን አድርጎት ነበር ሳይል አመስግኖ አጠለቀው። ትራፊኩን አለፍን፤ አሥራ ስድስት አፎች ተከፈቱ፤ ተዋሽም የተዋሰውን በጨዋ ደንብ መለሰ። ይህን ጊዜ አንድ አዛውንት «ኧረ መስኮቱን ዝጉት፣ ንፋሱ ሊገድለን ነው!» አሉ። ማንም አልተከራከራቸውም፤ ሁሉም መስኮት በአንድ አፍታ ተዘጋ። ኮሮናን የማይፈራ እንደሁ ይኖራል፤ በአዲስ አበባ ንፋስን የማይፈራ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ካፌ ውስጥ ያለው ሰው ስለ ራሱ አይጨነቅም፤ ጭንቀቱ በሙሉ ለሕዝቡ ነው። በአንድ ጠረጴዛ ከሦስት ሰው በላይ እንዳይቀመጥ የተባለውን እኔና አራት ጓደኞቼ ሁለት ጠረጴዛ በማጋጠም በሰላም ፈታነው፤ አምስት ሰው ለሁለት ጠረጴዛ ሲካፈል ለአንዱ ሁለት ተኩል ይደርሰዋልና ሕጉን እንዲያውም አሻሽለነዋል። ማኪያቶው እንደቀረበ፣ ማስኮቻችንን አገጫችን ላይ እንደ ሸማ አደላድለን፣ አንዱ ጓደኛችን የሰሞኑን ዐረፍተ ነገር ተናገረ። «ሕዝቡ እኮ ጭራሽ ተዘናግቷል» አለ። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። መርካቶ ያለው ሰው ተዘናግቷል፤ ጃንሜዳ ያለው ተዘናግቷል፤ ሠርግ የደገሰው፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተጠጋግቶ የተቀመጠው ሁሉ ተዘናግቷል። ይህን ቃል ከሹም እስከ ሊስትሮ ያልተናገረው የለም፤ ሆኖም ስለ ራሱ «እኔ ተዘናግቻለሁ» ያለ አንድም ሰው እስካሁን አልሰማሁም። እንግዲህ ሕዝቡ ማለት እኛ ከተቀመጥንበት ጠረጴዛ ውጭ ያለው ሰው ነው ማለት ነው፤ ቁጥሩን ግን ማን ያውቀዋል፣ ከሚቀጥለው ጠረጴዛም «ሕዝቡ ተዘናግቷል» የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር።

ወሬያችን ደምቆ ሳለ ከሰባት ወር በላይ ያላየነው የድሮ የሥራ ባልደረባችን ገባ። ተነሣሁና እንደ ሰሞኑ ልማድ ክርኔን ዘረጋሁለት፤ እርሱም ክርኑን ዘረጋ፤ ክርኖቻችን መሐል ላይ ተገናኝተው እንደ ባዕድ ተያዩ። ሁለታችንም አፈርን። «ኧረ ተወው፣ የመጣው ይምጣ!» አለና ቀኝ ትከሻዬን በቀኝ ትከሻው መታኝ፣ ግራውንም ደገመ፣ ከዚያ ጉንጭ ለጉንጭ ሦስት ጊዜ። በየጉንጩ መሐል «ኮሮናው እንዴት አደረጋችሁ?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር፤ እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም እየተጠነቀቅን ነው» እያልኩ መለስኩለት። ማስኮቻችን በአገጫችን ላይ ነበሩና ምንም አላስቸገሩንም። አፍንጫችን ላይ ቢሆኑ ኖሮ ያን የመሰለ ናፍቆት እንዴት እንወጣው ነበር?

ሒሳብ ከፍለን ስንወጣ ብር ማውጣት ስለነበረብኝ ወደ አንድ ባንክ ጎራ አልኩ። በሩ ላይ «ያለ ማስክ መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረፋውም እስከ አስፋልቱ ደርሷል፤ ሁለት የአዋቂ እርምጃ እየተባለ መሬቱ ላይ በቀለም የተሠመረውን መስመር ሁለት ሁለት ሰው ቆሞበታል። ተራዬ ሲደርስ ጥበቃው ከሩቅ አየኝ። ማስኬን ረስቼው አገጬ ላይ ነበር። የእርሱ ማስክ ግን አፍንጫውን ሳይቀር በሚገባ ሸፍኖታል፣ ደስ አለኝ፤ በዚህ በር ላይስ ሥርዓት አለ ብዬም አሰብኩ። ጥበቃው ወደ እኔ ጠጋ አለ፣ ድምፁ እንዲሰማኝ ማስኩን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ አገጩ አወረደ፣ በረጅሙም ሳል አለና፣ «ጌታዬ፣ ማስክዎን ከፍ ያድርጉ!» አለኝ።